ነቅ፣ ስሕተት፣ ክሽፈት፦ ስለ ኮምፒዩተር ብልሽት አጠራር የቀረበ ትችት

ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩንና የቀሩትን ዕቃዎች ለየብቻ ገዝቶ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በቤቱ የሚገጣጥም ሰው፣ መሣሪያው እየሠራ ሳለ በድንገት ቢጠፋበት፣ ስለ ጠቅላላው መሣሪያ የሚጠይቀው ፋብሪካ የለውም። ብልሽቱ ከየትኛው ዕቃ እንደ መጣ ፈልጎ ማግኘት የራሱ ዕዳ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ የዕቃዎቹ ስም እኛን አያሳስበንም፤ ዕቃው ከነስሙ ከገበያ የሚገዛ ስለሆነ «ማዘርቦርድ» ቢባል የሚሳሳት የለም። የሚያሳስበን «ችግር» የተባለው ቃል የተጫነበት ሸክም ነው።

«የማኅደረ ትውስታ ችግር»፣ «የመጥፋት ችግር»፣ «የሙቀት ችግር» የሚሉትን ሦስት አነጋገሮች እንመልከት። በአሠራራቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቦታን፣ ሁለተኛው በዓይን የታየውን፣ ሦስተኛው መንሥኤ ነው ተብሎ የተገመተውን ይናገራል። የታየውና የተገመተው በአንድ ቃል ከተጠሩ አንባቢው ግምቱን እንደታየ ነገር አድርጎ ይቀበላል፤ ከዚህም የተነሣ ጤነኛውን ዕቃ አውጥቶ ሌላ ይገዛል። «ችግር»ን በ«ብልሽት» መተካትም ያው ነው፤ ሁለቱም ሁሉን ያቅፋሉ።

የሙያው ሰዎች ይህን ነገር ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ለይተውታል። ፈረንሳዊው ዣን ክሎድ ላፕሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ያዘጋጀው የሙያ ቃላት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛና በጃፓንኛ ጎን ለጎን የቀረበ ሲሆን፣ የነገሩን ሰንሰለት በሦስት ደረጃ ያስቀምጣል። በመጀመሪያ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ጉድለት አለ፤ ይህ ሲቀሰቀስ በውስጥ የተሳሳተ ሁኔታን ይወልዳል፤ የተሳሳተው ሁኔታ ወደ ውጭ ሲደርስ መሣሪያው የሚጠበቅበትን አገልግሎት ያጣል። የአንዱ ክፍል አገልግሎት መጓደልም በተራው ለሚቀጥለው ክፍል ጉድለት ይሆናል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር ያስረዳል። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮችን የገጠሙ ብዙ ሰዎች ጨዋታ ሲከፍቱ የቪዲዮ ማኅደረ ትውስታ እንዳለቀ የሚናገር መልእክት ይመጣባቸው ነበር። መልእክቱ የግራፊክስ ካርዱን ይጠቁማል። ጉድለቱ ግን በፕሮሰሰሩ ነበር፤ ታሽጎ የመጣውን መረጃ በሚፈታበት ጊዜ ይሳሳታል፣ ፕሮግራሙም የደረሰበትን መሰናክል በሌላ ስም ይጠራዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ ስለነበር እየቆየ ይጎዳ ነበር፤ ለዚሁ የወጣው ማስተካከያም አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም። እንግዲህ ያንን መልእክት ቃል በቃል በትክክል የተረጐመ ሰው፣ መልእክቱ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ደረጃ እንጂ ስለ መጀመሪያው አለመሆኑን የሚለይበት ቃል ከሌለው፣ አንባቢውን ወደ ግራፊክስ ካርድ ሻጭ ይልከዋል።

በበኩላችን ለመጀመሪያው «ነቅ»፣ ለሁለተኛው «ስሕተት»፣ ለሦስተኛው «ክሽፈት» ቢባል እንመርጣለን። «ነቅ» ከግእዙ ነቅዐ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መሰንጠቅ ነው፤ ከእንቅልፍ መንቃት ከሌላ ሥር፣ ከነቅሀ ስለሆነ ሁለቱ በአማርኛ በድምፅ ቢገናኙም ዘመዳሞች አይደሉም። ሸክላ ገዢ ማሰሮውን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን የሚያዳምጠው ነቁ ለዓይን ስለማይታይ ነው። የፕሮሰሰሩ ጉዳት ከቮልቴጅ እንጂ ከስንጥቅ አልመጣም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ይሁን እንጂ «ነቅ የሌለበት» የሚለው አነጋገር ቃሉን ከሸክላ ካወጣው ቆይቷል። «ክሽፈት»ም ለቦታው ይስማማል፤ ጥይቱ ረጥቦ ጠመንጃ ሲከሽፍ ነቁ በጥይቱ፣ ክሽፈቱ በጠመንጃው ነው።

ከዚህ የባሰው «ጊዜያዊ ብልሽት» የሚለው ነው። ፓወር ሰፕላዩ መሣሪያው ሥራ ሲፈታ ደኅና ይሆንና፣ ጭነት ሲበዛበት 12 ቮልት ሊሆን የሚገባው ከ11.40 በታች ይወርዳል፤ መሣሪያው ይጠፋል፣ በማግሥቱ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይነሣል። ይህን «ጊዜያዊ» ያለ ተርጓሚ አንባቢውን ያልፋል ብሎ እንዲጠብቅ ይመክረዋል። አማርኛ ግን ለበሽታውም፣ ለቁስሉም፣ ለጠቡም «አገረሸ» ይላል። «የሚያገርሽ ነቅ» ብንል ሄዶ የሚመለስ፣ ባልታየበት ጊዜም ያለ መሆኑ ይሰማል።

የሥራው ስም «ችግር መፍታት» መባሉም መፍታትን ከማግኘት ያስቀድማል፤ «ነቅ ፍለጋ» ይሻላል። አንዳንድ ወዳጆቻችን «አውጫጭኝ» እንዲባል በጨዋታ መልክ ሐሳብ አቅርበውልናል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን በአውጫጭኝ የአገሬው ሰው ይናገራል፣ የኮምፒዩተር ክፍሎች ግን አይመሰክሩም። እዚህ ያለው ዘዴ አንዱን ዕቃ አውጥቶ ደኅንነቱ በሌላ መሣሪያ የታወቀ ዕቃ በቦታው መተካት ነው። ተርጓሚ «በጥሩ ዕቃ ተካው» ሲል ዋናውን ነገር ይጥላል፤ አዲስ የተገዛ ዕቃም ጥሩ ይመስላልና። «የታወቀ» የሚለው ቃል መቅረት የለበትም።

እንዲሁም ማኅደረ ትውስታው ተለውጦ ክሽፈቱ ቢቆም ነቁ በእርሱ ነበር ለማለት አይቻልም፤ መንቀልና መሰካቱ ብቻውን መጋጠሚያውን አጽድቶት ሊሆን ይችላል። አሮጌው ዕቃ ተመልሶ ሲገባ ክሽፈቱ ካገረሸ ያን ጊዜ ነቁ ተገኘ ይባላል። ስለዚህ መመሪያው «ከቆመ ተገኝቷል» ከሚል «ከቆመ አሮጌውን መልሰህ ሞክር» ቢል ይገባዋል።