ያልተሳለው ሜዳ፦ ማንቸስተር፣ ኩራቷና ግድግዳዎቿ

በማንቸስተር ማዘጋጃ ቤት ታላቁ አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሁለት የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። ሠዓሊው ፎርድ ማዶክስ ብራውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1879 እስከ 1893 ደክሞባቸዋል፤ የመጨረሻውን በፈጸመበት ዓመት ዐረፈ። ሮማውያን ምሽግ ሲሠሩ፣ ንጉሥ ኤድዊን ሲጠመቅ፣ የፍላንደርስ ሸማኔዎች መጥተው ሲሰፍሩ፣ ኬሚስቱ ጆን ዳልተን ከረግረግ ጋዝ ሲሰበስብ እናያለን። ዳልተን በዚያች ከተማ እየኖረ ሳለ፣ ኦገስት 16 ቀን 1819፣ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሕዝብ የፓርላማ ውክልና ለመጠየቅ ቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ፈረሰኛ ጦር ጎራዴ መዝዞ ገባበት፤ ቢያንስ 15 ሰዎች ሞቱ፣ ከ600 በላይ ቆሰሉ። ፒተርሉ የሚባለው ይህ እልቂት ከሥዕሎቹ በአንዱም ላይ የለም። ሜዳው ግን ከማዘጋጃ ቤቱ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።

ስለ ኢንዱስትሪ ከተሞች ኩራት የሚጻፉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ ሕንፃዎቹን በመዘርዘር ይጠመዳሉ። እኔ ደግሞ ኩራቱን ማን ለማን እንደተናገረው፣ ኋላም ማን እንደወረሰው መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ።

ኩራቱ መሠረት ነበረው፤ ይህን መካድ ተገቢ አይመስለኝም። ማንቸስተር እስከ 1832 ድረስ ለፓርላማ አንድም እንደራሴ አትልክም ነበር፤ የከተማነት ማዕረግ ያገኘችውም በ1853 ነው። ቤተ መንግሥት የላትም፣ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲም አልነበራትም። ሎንዶን ጥጥ ከመፍተልና ገንዘብ ከመቁጠር በቀር ምንም የማያውቁ አድርጋ ለምታያቸው ሰዎች፣ የ1852ቱ ነጻ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መልስ ነበር። ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ተመልካች የጎበኘው የ1857ቱ የሥነ ጥበብ ሀብት ዐውደ ርእይም እንዲሁ፤ ለዚያ ዐውደ ርእይ የተሰባሰቡትን ሙዚቀኞች ይዞ ነው ቻርልስ ሃሌ በቀጣዩ ዓመት ዛሬም ያለውን ኦርኬስትራ የመሠረተው። በ1877 ደግሞ አርክቴክቱ አልፍሬድ ዋተርሃውስ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት ተመረቀ። ንግሥት ቪክቶሪያ አልመጡም። በሩን የከፈቱት ከንቲባው አቤል ሄይውድ ናቸው።

ሄይውድ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እኚህ ሰው መጽሐፍ ሻጭ ነበሩ፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት በጋዜጣ ላይ የጣለውን የቴምብር ቀረጥ ሳይከፍሉ ለድሆች የተዘጋጀ ጋዜጣ በመሸጣቸው ታስረዋል። ንግሥቲቱ በቀሩበት ቀን የቀድሞው እስረኛ ቁልፉን ሲይዙ፣ ከተማዋ ስለ ራሷ የተናገረችው ከሥዕሎቹ ሁሉ የሚበልጥ እውነት አለው። የማማው ትልቅ ደወል ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ግድግዳዎቹ ይህን ድፍረት አልደገሙትም። ሠራተኛው ሕዝብ በጎላ ሁኔታ የሚታየው የተወርዋሪ መወርወሪያ ፈልሳፊ በሆነው በጆን ኬይ ሥዕል ላይ ነው። ኬይ ሚስቱን እየሳመ ይሰናበታል፤ ሰዎች በአንሶላ ጠቅልለው ሊያሸሹት ይጣደፋሉ፤ አዲሱ መሣሪያ እንጀራችንን ያሳጣናል ያሉ ሁከተኞች ደግሞ መስኮቱን ሰብረው እየገቡ ነው። ሕዝቡ ከውጭ የሚመጣ አደጋ ሆኖ ተሥሏል፤ የኛ የሚባለው ወገን ፈልሳፊው ነው። ሠዓሊው ሠራተኛን ማክበር አያውቅም እንዳንል፣ ይኸው ብራውን «ሥራ» የተባለውን ታዋቂ ሸራውን ሲሥል መሐሉን የሰጠው መንገድ ለሚቆፍሩ የቀን ሠራተኞች ነው። ያ ሥዕል የሚገኘው በዚያችው ከተማ የሥነ ጥበብ ማዕከል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ለሚያይ ሰው፣ ዝምታው ከሠዓሊው ይልቅ የግድግዳ ሥዕሎቹን ያዘዘው ምክር ቤት ዝምታ መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል።

ፍሪድሪክ ኤንግልስ በ1845 ባሳተመው መጽሐፉ ተመሳሳይ ነገር በጎዳናዎቹ ላይ አስተውሎ ነበር፦ ባለሀብቱ ከመኖሪያው ወደ መሐል ከተማ ሲወርድ ግራና ቀኙን የሚያጅቡት ሱቆች ከኋላቸው ያለውን የሠራተኛ መንደር ይጋርዱበታል። አዳራሹ ከመሠራቱ ከሠላሳ ዓመታት በፊት የተጻፈ ቢሆንም ለአዳራሹም ይሠራል።

የጴጥሮስ ሜዳ ዕጣ ከዚህም የከበደ ነው። ነጋዴዎቹ የእህል ቀረጥ ሕግን አስሽረው ባሸነፉ ጊዜ፣ የድላቸውን መታሰቢያ ፍሪ ትሬድ ሆልን ደም በፈሰሰበት በዚያው ቦታ ላይ በድንጋይ አቆሙ፤ በ1856 አለቀ። በሃያኛው መቶ ዘመን ሕንፃው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ እልቂቱን ወታደሮች ሰልፈኛውን እንደበተኑ አድርጎ ብቻ ያነሣው ነበር። ሟቾቹን በቁጥር የጠቀሰው ሰሌዳ በምትኩ የተለጠፈው በ2007 ነው፤ ራሱን የቻለ መታሰቢያ የቆመው ደግሞ በሁለት መቶኛ ዓመቱ፣ በ2019።

ሆኖም ፍሪ ትሬድ ሆል ከሠሪዎቹ ሐሳብ አልፎ ሄደ። ዲሴምበር 31 ቀን 1862፣ የአሜሪካ ጥጥ በዚያች አገር የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ ተቋርጦ የላንክሻየር ፋብሪካዎች በቆሙበት ክረምት፣ በዚያ የተሰበሰቡ ሠራተኞች ለአብርሃም ሊንከን የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፕሬዚዳንቱም በጃንዋሪ 1863 መለሱላቸው። ላንክሻየር በሙሉ በአንድ ድምፅ ቆሞ ነበር የሚለው የኋላ ትረካ ማጋነን ነው፤ የደቡቡን ወገን የደገፉ ከተሞችም ነበሩ። የተራቡት ሰዎች ደብዳቤ ግን አለ፤ የነጋዴዎቹ ሐውልት ለባሮች ነጻነት መናገሪያ ሆኗል።

በማዘጋጃ ቤቱ ወለል ላይ የከተማዋ አርማ የሆኑት ንቦች በሞዛይክ ተሠርተዋል፤ ዙሪያቸውን የጥጥ ፈትል ይከባቸዋል። ጥጡን የለቀሙት እጆች በወለሉም በግድግዳውም የሉም። ይህን ጉድለት ፊት ለፊት የተናገረው ሰው ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፦ ራስ መኮንን። በብሪቲሽ ጊያና ጆርጅ ግሪፊዝ ተብሎ የተወለደው ይህ ሰው ስሙን የለወጠው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን ነው። ማንቸስተር ውስጥ ምግብ ቤቶች ከፈተ፤ ከዚያ ያገኘው ገንዘብ በኦክቶበር 1945 ለተካሄደው አምስተኛው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ወጪ ዋለ። የፓን አፍሪካ ታጋዮቹ ዱ ቦይስ፣ ፓድሞር፣ ንክሩማህና ኬንያታ የተገናኙት በቾርልተን ማዘጋጃ ቤት ነበር፤ የዚያ አካባቢ ሹማምንት በ1830ዎቹ መባቻ በግሪክ ዓምዶች ባስጌጡት ሕንፃ። መኮንን ለምን ማንቸስተርን እንደመረጠ በትዝታ መጽሐፉ ሲያስረዳ፣ ጥጥ፣ ባርነትና የእንግሊዝ ከተሞች ግንባታ የተሳሰሩ ስለሆኑ ጥቁር ሕዝብ በዚያች ከተማ መብት አለው ይላል።

ይህ የከተማ ኩራት ንግግር ነው። እንደ ሄይውድ ሁሉ መኮንንም ከተማዋ የእኔም ናት ይላል፤ ማስረጃው ደግሞ የሕዝቡ ድካም ነው። የአሳ ብሪግስ «የቪክቶሪያ ዘመን ከተሞች» እና የትሪስትራም ሀንት «ኢየሩሳሌምን መገንባት» ስለ እነዚህ አዳራሾች ብዙ አስተምረውኛል፤ ዋና ትኩረታቸው ግን ሠሪዎቹ ናቸው። የማንቸስተር ኩራት ታሪክ በ1877 ምረቃ ላይ ከቆመ፣ ንግሥቲቱ ቀርተው ከንቲባው በሩን የከፈቱት ለማን እንደነበር ሳይታወቅ ይቀራል። የቾርልተኑ ጉባኤ በዚያው ምዕራፍ ውስጥ መጻፍ አለበት።