አንጓው ላይ የተቀመጠ ልክ

በሰሜን አውሮፓ ረግረግና የሐይቅ ዳር፣ የመስክና የረግረግ የፈረስ ጭራ የሚባሉ ሁለት ተክሎች ተቀላቅለው ይበቅላሉ። ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ሸንተረራም፤ ሰፊ ቅጠልም አበባም የላቸውም፤ ከየአንጓቸው ዙሪያውን ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ቁመታቸውን አይቶ የሚለይ ይሳሳታል። ጥላ ሥር ያደገው ይረዝማል፣ የታጨደው ያጥራል። መታየት ያለበት አንጓው ነው።

የዚህ ተክል ቅጠሎች እርስ በርስ ተያይዘው ግንዱን እንደ ሰገባ አቅፈውታል፤ ለብቻ የቀረው ጫፋቸው ብቻ ስለሆነ ሰገባው አናት ላይ ጥርስ ሆኖ ይታያል። ቅርንጫፉ የሚወጣው ከዚሁ ሰገባ ግርጌ ነው። ስለዚህ የቅርንጫፉ የመጀመሪያ ክፍል ከሰገባው ጎን ይቆምና አንዱ ለሌላው መለኪያ ይሆናል። ከግንዱ ወገብ አንድ አንጓ መርጦ ማየት ነው፦ የመጀመሪያው ክፍል ከሰገባው ከበለጠ የመስኩ፣ ካነሰ የረግረጉ። ማስመሪያውን ራሱ ተክሉ ይዞት መገኘቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ደግሞ የረግረጉ ጥርስ ጥቁር ሆኖ ዙሪያው እንደ ስስ ወረቀት የነጣ ነው፤ ከዚያ ጠርዝ ዓይኔን መንቀል ይከብደኛል።

በጸደይ የመጣ ሰው ይቀለዋል። የመስኩ ስፖር የሚባለውን የመራቢያ ብናኝ የሚሸከምበትን ዘንግ ለብቻው፣ ቡናማና ያለ ቅርንጫፍ አድርጎ አስቀድሞ ያወጣዋል፤ የረግረጉ ግን ስፖሩን በአረንጓዴው ግንድ አናት ላይ ይሸከማል።

ልዩነቱ ለገበሬው ቀላል ነገር አይደለም። የረግረጉ ፓሉስትሪን የሚባል መርዝ አለው፤ ታጭዶ ድርቆሽ ውስጥ ሲገባም መርዙ አይጠፋም።

ግንዱ በምላጭ አግድም ሲቆረጥ ሌላ ጥበብ ይገለጣል። የረግረጉ የመሐል ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ በዙሪያው ከተደረደሩት ቀዳዳዎች ብዙም አይበልጥም። ውሃ ውስጥ የሚቆመው ሦስተኛ ዘመዳቸው ግን ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ በሁለት ጣት ሲጫኑት ይጨፈለቃል። ይህኛው አንዳንዴ ቅርንጫፍ ያበዛል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አያወጣም። የዕፅዋት ሊቁ ሊኒየስ እንኳ በ1753 እ.ኤ.አ. ሁለቱን መልኮች በሁለት የተለያዩ ስሞች መዝግቧቸው ነበር፤ ዛሬ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠራሉ።

የመስኩና የውሃው ተዳቅለው ሲገኙ ግን ቅርንጫፍም ቀዳዳም በመሐል ይቀራልና ፍርዱ ወደ ስፖሩ ይሄዳል። ጤነኛ ስፖር ክብና አረንጓዴ ነው፤ አራት ጥብጣቦች አሉት፣ አየሩ ሲረጥብ ይጠቀለሉበታል፣ ሲደርቅ ይዘረጋሉ። የዲቃላው ስፖር ቀለም የሌለውና የተጨማደደ ነው፤ ስለማይበቅልም ዲቃላው የሚዛመተው መሬት ውስጥ በሚሄደው ግንዱ ነው።