ስም በድንጋይ ላይ፦ የናታንያ መታሰቢያዎችና የፊደል ቀረጻ

ናታንያ ከሜዲትራኒያን ባሕር በላይ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የእስራኤል ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1929 ስትቆረቆር ስሟን ያገኘችው ከአሜሪካዊው በጎ አድራጊ ከናታን ስትራውስ ነው። ዛሬ ከባሕሩ ትይዩ ሁለት ግዙፍ ነጫጭ ክንፎች ቆመውባታል። ናዚዎችን ድል ለነሣው ለሶቪየት ቀይ ጦር የተሠራው ይህ ሐውልት እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2012 የወቅቱ የእስራኤል ፕሬዚዳንት ሺሞን ፔሬዝና የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላዲሚር ፑቲን በተገኙበት ተመረቀ። ጎብኚው ጦርነቱን በሚያስታውስ ጨለም ያለ መተላለፊያ ተጉዞ ወደ ክንፎቹ ብርሃን ይወጣል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ መልእክቱ ይገባዋል።

የሟች ስም ግን በክንፍ አይነገርም፤ ፊደል ይፈልጋል። የፊደሉም ዕድሜ በቀራጩ እጅና በመሣሪያው ይወሰናል።

ጥንታዊው ዘዴ መሮና መዶሻ ነው። ጥሩ ቀራጭ ድንጋዩን ከሁለት ጎን አጋድሞ ይቆርጥና ሁለቱን ቁርጦች ከታች ያገናኛቸዋል፤ በጎድጓዳው ውስጥ የሚያርፈው ጥላ ያለ ቀለም ያስነብባል። ሁለተኛው፣ ፊደሉ የተቆረጠበት ጎማ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ በአየር ግፊት አሸዋ የሚረጭበት ነው። ሦስተኛው ሌዘር ሲሆን የጥቁር ግራናይትን ገጽ ብቻ ያነጣዋል። ፈጣን ነው፣ ፎቶግራፍ ሳይቀር ያትማል፤ ጥልቀቱ ግን እዚህ ግባ አይባልም።

ከእስራኤል ከተሞች መካከል ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በሚኖሩባት በናታንያ ይህ ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በግዕዝ ፊደል አንዲት ሰረዝ ንባቡን ትለውጣለችና። ‹ለ›ን ‹ሉ› የሚያደርጋት ከቀኝ እግሯ ወገብ የምትወጣ አጭር ሰረዝ ናት፤ ሰረዟ ወደ እግሩ ጫፍ ስትወርድ ‹ሊ›፣ ቀለበት ስትሆን ‹ሌ› ትሆናለች። አሸዋ በሚረጭበት ጊዜ በቀለበቷ መሐል የምትቀረው ቅንጣት ጎማ በቀላሉ ትበራለች፤ ያን ጊዜ ቀለበቱ ተደፍኖ የድንጋይ ጠባሳ ይመስላል። ፊደላችንን የማያውቅ ባለሙያ ሰረዟን ቢያሳጥር የሟቹ ስም የሌላ ሰው ስም ይሆናል። ስለዚህ ለግዕዝ ፊደል፣ በተለይ ጽሑፉ ደቃቅ ሲሆን፣ ጥልቅ የመሮ ቁርጥ ይሻላል።

ባሕሩም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ጨዋማው አየር ወደ ኖራ ድንጋይ ቀዳዳዎች ገብቶ ሲደርቅ ጨው ይጋግራል፤ ጨውም እየገፋ የድንጋዩን ገጽ ይልጣል። ነሐስንም ይበላል። በፊደል ውስጥ የተሞላ ቀለም ደግሞ በፀሐይ ቀድሞ ይለቃል። በጠረፍ ከተማ ጥልቅ የተቆረጠ ግራናይት መምረጥ የቅንጦት ጉዳይ ሊባል አይገባም።

ጥልቅ ቁርጥ ምን ያህል እንደሚዘልቅ አክሱም ምስክር ናት። በአራተኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ድሉን በግሪክ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል በድንጋይ አስቀርጿል። በዘመኑ አንዳንዱ የግዕዝ ጽሑፍ አናባቢ የለውም፤ ሌላው ግን አናባቢ ያላቸውን ፊደላት ይዟል። ከእነዚያ ትንንሽ ምልክቶች ብዙዎቹ ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመታት በኋላም ይነበባሉ።

የቤተ እስራኤል ትልቁ ሐዘን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ወገኖች ናቸው፤ ቁጥራቸው ወደ 4,000 እንደሚደርስ ይነገራል። ብሔራዊ መታሰቢያቸው ያለው በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ ሲሆን ሥነ ሥርዓቱም በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይካሄዳል። ብዙዎቹ በበረሃ ስለተቀበሩ ቤተሰብ የሚያለቅስበት የታወቀ መቃብር የለም። ለእንዲህ ያለ ሟች የተቀረጸው ስም የመቃብሩን ቦታ ይተካል፤ የተሳሳተ ሰረዝም የመቃብር መጥፋት ያህል ነው።

እንግዲህ በናታንያም ሆነ በሌላ ከተማ የመታሰቢያ ሰሌዳ የሚያሠሩ ማኅበራትና ቤተሰቦች ስሙን ከዕብራይስጡ ጎን በግዕዝ ፊደል ያስቀርጹ። መሮው ድንጋዩን ከመንካቱ በፊትም ንድፉን ፊደል ለሚያውቅ ሽማግሌ ሰጥተው ስም በስም ያስነብቡት።