ያለ ተራ የሚጀመር ጦርነት

ከአገራችን ቼዝ፣ ከሰንጠረዥ፣ የምወደው መክፈቻውን፣ ወረራውን ነው። ተራ የሚባል የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ሰሌዳ በሆነው ቀይ ጨርቅ ላይ የተሸሸገ ጠጠር የለም፤ የሚደበቀው ሐሳብ ብቻ ነው። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው መደቁን (ወታደሩን) ይገፋል፤ ያኛው ይህን አይቶ ደሩን (ግንቡን) ያዞራል። ብልህ ተጫዋች ከራሱ ጦር ይልቅ የባላጋራውን እጅ ይከታተላል።

ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ በ1805 እ.ኤ.አ. አንጣሎ ላይ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ እየጮኸ ይመክራል፤ ጠጠሩን አንሥቶ የተሻለውን መንገድ ያሳያል። ታዲያ አሸናፊው ሁልጊዜ ራስ ነበሩ፤ ከበው የሚጫወቱት ድሉን በዘዴ ያስረክቧቸው ነበርና። እንዲህ ያለ ስውር ስምምነት፣ ያውም በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል፣ ያስደንቀኛል።

ዛሬ ቼዝ የሚማሩ ልጆች ወረራንም ቢማሩ እወዳለሁ፤ ቀይ ጨርቅና ጥቁር መስመር ይበቃል።