የሚስተር ክራልዪች የግዥ ሠንጠረዥ በሁለት ቃጠሎ ሲፈተን

በትልቅ ኩባንያ ውስጥ የግዥ ክፍል ብዙ ጊዜ እንደ ታናሽ የሥራ ክፍል ይቈጠራል። መሐንዲሱ ይፈጥራል፤ ሻጩ ገበያ ያመጣል፤ የሒሳብ ሹሙ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ ገዢው ግን ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቦ ርካሹን ከመምረጥ የበለጠ ዕውቀት የሚጠየቅ አይመስልም። ይህን አስተሳሰብ በብርቱ ከነቀፉት ጽሑፎች አንዱ፣ የማኪንዚ አማካሪዎች ድርጅት ባልደረባ የነበሩት ሚስተር ፒተር ክራልዪች በ1983 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ያወጡት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ጽሑፉ ከወጣ ከ40 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በውስጡ ያለው ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ በንግድ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። የእኔ አሳብ ሠንጠረዡን ለመጣል አይደለም፤ ጥቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ ለማሳየት ነው።

የሠንጠረዡ አሠራር ቀላል ነው። ስለሚገዛው ዕቃ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛ፣ ዕቃው በኩባንያው ትርፍ ላይ ያለው ክብደት ምን ያህል ነው? ሁለተኛ፣ ዕቃውን ለማግኘት ያለው ሥጋት ምን ያህል ነው? ከመልሶቹ አራት ክፍል ይወጣል። ክብደቱም ሥጋቱም ከፍ ያለው ዋና ዕቃ ነው፤ ክብደቱ ከፍ ብሎ ሥጋቱ ዝቅ ያለው፣ ገዢው አቅራቢዎችን አወዳድሮ ዋጋ የሚያስቀንስበት ነው፤ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ሥጋቱ ከፍ ያለው ማነቆ ነው፤ በሁለቱም ዝቅ ያለው ተራ ዕቃ ነው። ለእያንዳንዱም የተለየ አያያዝ ተመክሯል። ስለዚህ ምስማር ለመግዛት የዲሬክተሮች ስብሰባ አይጠራም፤ የኩባንያው ሕይወት በተንጠለጠለበትም ዕቃ ላይ የመጋዘን ጸሐፊ ብቻውን አይወስንም። ይህ ብቻ እንኳ ትልቅ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ በተግባር እንፈትነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ በጃፓን አገር በካሪያ ከተማ የሚገኘው የአይሲን ሴይኪ ፋብሪካ ተቃጠለ። ይህ ፋብሪካ ለቶዮታ ከሚሠራቸው ዕቃዎች አንዱ የኋላ ጎማዎችን የፍሬን ግፊት የሚመጥን ትንሽ ቫልቭ ነበር። ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን ቶዮታ የሚያስፈልገውን ቫልቭ ከሞላ ጐደል ሁሉንም የሚያገኘው ከዚያው ነበር፤ ዕቃ በመጋዘን አለማከማቸትም የታወቀ ልማዱ ስለ ሆነ፣ በእጁ የነበረው ከጥቂት ቀን የሚያልፍ አልነበረም። ሳምንቱ ሳይሞላ በጃፓን ካሉት የቶዮታ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ቆሙ።

ከቃጠሎው አንድ ቀን አስቀድሞ የግዥ ሹሙ ቢጠየቅ ይህን ቫልቭ በሠንጠረዡ ላይ የት ያኖረው ነበር? የሚስተር ክራልዪች ደጋፊ «ከማነቆው ክፍል» ይለናል፤ ለማነቆ ደግሞ መጠባበቂያ እንዲያዝ ጽሑፉ ራሱ ይመክራል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ከቃጠሎው በኋላ የተገኘ መልስ ነው። አይሲን የቶዮታ ቤተ ዘመድ የሆነ፣ በቅርብ የሚገኝ፣ በጥራቱ የተመሰገነ አቅራቢ ነበር። ዋጋው ትንሽ አቅራቢውም ታማኝ ሲሆን፣ ዕቃውን ከተራው ጋር የማይጽፍ ሹም ጥቂት ነው። ሚስተር ክራልዪች ከዋጋው ሌላ ዕቃው በምርቱ ጥራትና በሥራው ዕድገት ላይ ያለው ኃይል እንዲመዘን አሳስበዋል፤ ሆኖም በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሚመዘነው ለመቍጠር የሚቀለው ነው። የተከፈለው ዋጋ በደረሰኝ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ዕቃው ሲጠፋ የሚደርሰው ጉዳት ግን በየትም አልተጻፈም።

ሁለተኛው ነቀፋዬ ስለ ጕልበት የተሰጠውን ምክር ይመለከታል። በዋና ዕቃዎች ላይ ገዢው የራሱን ጕልበት ከአቅራቢው ጕልበት ጋር እንዲያመዛዝን፣ በበረታበት እንዲጫን፣ በደከመበት ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ተመክሯል። ይህ ለዋጋ ክርክር ይጠቅም ይሆናል። በካሪያ የሆነው ግን ሌላ ነው። አይሲን የቫልቩን ንድፍ ለረዳቶቹ ሰጠ፤ 200 ያህል ድርጅቶች ተረባረቡ፤ የልብስ ስፌት መኪና በመሥራት የታወቀው ብራዘር እንኳ ከነዚህ መካከል ነበር። ዋጋው ስንት ነው፣ የንድፉ ባለመብት ማን ነው የሚል ክርክር ሳይነሣ ሥራው ተጀመረ፤ ፋብሪካዎቹም በአንድ ሳምንት ገደማ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። እርግጥ ነው፣ ወዳጅነት ቃጠሎውን አላስቀረም፤ በአንድ ፋብሪካ ላይ ብቻ መደገፍም የቶዮታ ስሕተት ነበር። ቢሆንም በደኅና ቀን አቅራቢውን እስከ አጥንቱ የጋጠ ገዢ በክፉ ቀን ይህን ያህል ረዳት ያገኛል ብዬ አላምንም። የአቅራቢ በጎ ፈቃድ በመጋዘን እንደ ተቀመጠ ዕቃ ሀብት ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ግን ቦታ አላገኘም።

ሦስተኛው ጉዳይ የወሬ መንገድ ነው። ማርች 17 ቀን 2000 በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ የሚገኘው የፊሊፕስ የማይክሮቺፕ ፋብሪካ መብረቅ ባስነሣው እሳት ተያዘ። እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ፤ ጢሱ ግን አንዳች ብናኝ ሊገባባቸው የማይገባውን ክፍሎች አበላሸ። የፊንላንዱ ኖኪያና የስዊድኑ ኤሪክሰን ሁለቱም ለእጅ ስልክ የሚሆን ቺፕ ከዚያ ይገዙ ነበር፤ ሁለቱም የተነገራቸው መዘግየቱ የአንድ ሳምንት ያህል እንደ ሆነ ነው። በኖኪያ ወሬው ፈጥኖ ወደ በላይ ሹሞች ደረሰ፤ ዕቃው በየቀኑ ክትትል ተደረገበት፤ ከፊሊፕስ ሌሎች ፋብሪካዎችና ከሌሎች አምራቾች ምትክ ተፈለገ። በኤሪክሰን ግን ወሬው በታች ሠራተኞች ዘንድ ቆየ፤ አለቆቹ የነገሩን ክብደት ሲረዱ ሳምንታት አልፈው ነበር፤ ምትክ የሚሆን አቅራቢም አልተዘጋጀም። ኩባንያው 400 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ሽያጭ አጣ። ዕቃው አንድ፣ አቅራቢው አንድ፣ በሠንጠረዡም ላይ የሚገባቸው ቦታ አንድ ነው፤ ዕጣቸው ግን ተለያየ። ልዩነቱን ያመጣው የዕቃው ዓይነት ሳይሆን የሰዎቹ አደረጃጀት ነው።

መጠባበቂያ ገንዘብ ያስራል፣ ሁለተኛ አቅራቢም ወጪ ያበዛል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ፍጹም ዋስትናም የለም። ቶዮታ ከማርች 2011 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የአቅራቢዎቹን አቅራቢዎች መዝግቦ፣ ለወራት የሚበቃ ቺፕ እንዲቀመጥ አድርጎ ነበር። በ2021 መጀመሪያ ሌሎች መኪና ሠሪዎች ሲቸገሩ እርሱ ቆመ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ግን እርሱም ካቀደው ምርት 40 በመቶ ያህል ለመቀነስ ተገደደ። ዝግጅቱ ጊዜ ገዛለት እንጂ ከችግሩ አላወጣውም። ለግዥ ሹም ግን የተገዛ ጊዜ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኤሪክሰን ከጉዳቱ በኋላ እያንዳንዱን ዕቃ፣ ከሌላ ስፍራ እስኪገኝ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ እስከዚያስ ምን ያህል ይጠፋል እያለ መመዘን ጀመረ። ስለዚህ በሚስተር ክራልዪች ሁለት ጥያቄዎች ላይ ሦስት እንዲጨመሩ አሳቤን አቀርባለሁ። ይህ ዕቃ ለአንድ ወር ቢጠፋ የሚቆመው ሥራ የትኛው ነው? መጥፎው ወሬ በመጀመሪያው ቀን ለማን ይደርሳል? አቅራቢውስ በዚያ ቀን ሊረዳን የሚፈልግበት ምክንያት አለውን? ለነዚህ መልስ የሌለው የግዥ ክፍል፣ ሠንጠረዡ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቢታይም፣ ገና አልተደራጀም።