የየካ አውድማዎች

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከየካ እስከ ኮተቤ፣ መኸር በገባ ቁጥር ይሰናዱ የነበሩት አውድማዎች ዛሬ የሉም። መቼ እንዳለቁ የመዘገበ የለም፤ ለቅሶም አልተቀመጠላቸውም።

ገበሬው መሬቱን ጠርጎና ደልድሎ በእበት ይለቀልቀዋል። ሲደርቅ ነዶው ይበተንበታል፤ በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል። ነፋስ ሲነሳ በመንሽና በላይዳ ገለባው ከፍሬው ይለያል። እህሉ ጎተራ ሳይገባ ግን አስራቱ ይወጣል፤ ለባለርስቱም እርቦ፣ ሲሶ፣ አንዳንዴም እኩሌታ ይሰፈርለታል። የቱለማ ኦሮሞ ጭሰኛ ልጆቹ ምን በልተው እንደሚከርሙ የሚያውቀው እዚያው፣ ቁናው ሲሰፈር ነበር። አውድማውን የምናስታውስ ሰዎች ይህን ሸፍነን ማለፍ አይገባንም።

ከስፍሩ የተረፈው ፍሬ የርግብ ነበር። ማጅራቷ ነጭ የሆነችው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማትገኘው ርግብ፣ በገደሉና በቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሥር አድራ ጠዋት አውድማ ትወርዳለች። በፈረንሳይ ግን መሳፍንቱ በርስታቸው ላይ ለርግብ የድንጋይ ግንብ ያሠሩ ነበር፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጎጆዎች በግድግዳው ውስጥ፣ ሥጋዋ ለጌታው ገበታ፣ ኩሷ ለማሳው። ርግቦቹ የድኻውን ዘር ሲለቅሙ ድኻው እጁን ማንሳት አይችልም ነበር። ይህን የመሳፍንቱን መብት የሻረው በ1789 እ.ኤ.አ. የፈነዳው አብዮት ነው። የየካ ርግብ ጌታ አልነበራትም፤ የወደቀውን ለቅማ ወደ ገደሏ ትመለሳለች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። አውድማው ግን ቀጠለ፤ ገበሬው ለራሱ ሰፈረበት። ኋላ የእህል ኮታ ቢመጣበትም፣ ለእኔ የአውድማው ምርጥ ዘመን ያ ነው።

ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን የያዘው ባሕር ዛፍ ከላይ፣ ከተማው ከታች እየተጠጉ መጡ። ከአያት እስከ የካ አባዶ ማሳው ተሸንሽኖ ቪላና ኮንዶሚኒየም ቆመበት። ካሣውን ጨርሶ፣ ባረሰው መሬት ላይ ለተሠራ ግቢ ዘበኛ የሆነ ገበሬ ጥቂት አይደለም።

የፈረንሳይ የርግብ ግንቦች ብዙዎቹ በቅርስነት ይጠበቃሉ። የእኛ አውድማ አፈርና እበት ስለነበር አንድ ክረምት ያጥበዋል። የትኛው አውድማ የማን እንደነበረ፣ አሁን በላዩ የቆመው ሕንፃ የትኛው እንደሆነ በጣታቸው የሚያሳዩ አዛውንት ግን ዛሬም አሉ። ወረዳዎቹ የቦታዎቹን ስም ከእነሱ አንደበት ይመዝግቡ፤ ለአዲሶቹ መንገዶችም ይስጡት።