ጡንቻ የሚያፋፉ መድኃኒቶችና የሴቶች የመውለድ ጤና፦ በአንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ቬርነር ፍራንኬና ብሪጊተ ቤሬንዶንክ እ.ኤ.አ. በ1997 «ክሊኒካል ኬሚስትሪ» በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ፣ በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን በመንግሥት ዕቅድ ለስፖርተኞች ይሰጡ ስለነበሩት ጡንቻ የሚያፋፉ የወንዴ ሆርሞኖች ያትታል። ጸሐፊዎቹ የተመረኮዙት ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ከጥፋት በተረፉ ምስጢራዊ ሰነዶች ላይ ነው። ከነዚህም መካከል የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፎችና ሐኪሞች ለጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ያቀረቧቸው ዘገባዎች ይገኛሉ።

የጽሑፉ ዋና ብርታት ማስረጃው ከራሳቸው ከባለሙያዎቹ እጅ መገኘቱ ነው። ከ1966 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በተግባሩ መሳተፋቸውን፣ በየዓመቱም ብዙ ሺህ ስፖርተኞች መድኃኒቱን መውሰዳቸውን ያስረዳል። ሴቶችና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶች ትኩረት የተደረገባቸው፣ ሆርሞኑ በእነርሱ ላይ የሚያስገኘው የውድድር ውጤት የላቀ ስለነበረ ነው። ጉዳቱ አልተሰወረም፤ አንዳንዱ ቀዶ ሕክምና እስከ መጠየቅ መድረሱ ተመዝግቧል። መዝጋቢው ግን መድኃኒቱን መስጠቱን አላቋረጠም። የዕቅዱ ሁለት መሪዎች፣ ማንፍሬድ ኤቫልድና ሐኪሙ ማንፍሬድ ሆፕነር፣ በ2000 በበርሊን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል።

ይሁን እንጂ ጽሑፉ ስለ ወደፊት እርግዝና ለሚጠይቅ አንባቢ በቂ መልስ አይሰጥም። ሰነዶቹ የተዘጋጁት ለሜዳሊያ እንጂ ለታካሚዋ ጤና ስላልነበረ፣ ሴቲቱ ውድድር ካቆመች ከዓመታት በኋላ የገጠማትን ሊከታተሉ አይችሉም። በተጨማሪም ከባድ ልምምድና የምግብ ማነስ ብቻቸውን የወር አበባን ሊያስቀሩ ስለሚችሉ፣ የመድኃኒቱን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። ስለዚህ ከጽሑፉ በመነሣት «መካን ትሆኛለሽ» ብሎ መፍረድም፣ «ስታቆሚ ሁሉም ይስተካከላል» ብሎ ማጽናናትም ተገቢ አይደለም።

በእርግጠኝነት የሚታወቀው ለሕክምና ውሳኔ ይበቃል። እነዚህ ሆርሞኖች ከፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጩትን የመራቢያ ሆርሞኖች ስለሚገቱ የእንቁላል መውጣትና የወር አበባ ይስተጓጎላሉ። መድኃኒቱ ሲቆም የወር አበባ ብዙውን ጊዜ ቢመለስም ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የድምፅ መጎርነንና የቂንጥር ማደግ ግን በአብዛኛው አይመለሱም። የወር አበባ መቅረት ከእርግዝና መከላከያ ሊቆጠር አይገባም፤ እንቁላል የወር አበባው ከመመለሱ አስቀድሞ ሊወጣ ይችላልና። በዚህ መካከል ጽንስ ቢፈጠርና መድኃኒቱ ቢቀጥል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ የሴት ጽንስ ውጫዊ የመራቢያ አካል ወደ ወንዴ ቅርጽ ሊያዘነብል ይችላል።

ዛሬ እነዚህ መድኃኒቶች ከውድድር ሜዳ አልፈው በሰውነት ማጎልመሻ ቤቶች ለሚሠለጥኑ ሴቶችም ደርሰዋል። የወር አበባዋ የቀረባት ወይም ድምፅዋ የጎረነነ ሴት ወደ ክሊኒክ ስትመጣ፣ ጤና ባለሙያው ያለ ወቀሳ ስለሚወሰዱ እንክብሎችና መርፌዎች ሊጠይቃት፣ የእርግዝና ምርመራ ሊያደርግላትና ልጅ የመውለድ ሐሳቧን በመዝገቧ ሊያሰፍር ይገባል። የምሥራቅ ጀርመን ሐኪሞች ብዙ ጽፈዋል፤ ሴቲቱን ግን አልጠየቋትም። ፍራንኬና ቤሬንዶንክ ይህን ለዓለም በመግለጣቸው ሥራቸው ከነጉድለቱ ሊነበብ የሚገባው ነው።